አንድ ስኒ ናፍጣ፦ ፊዚክስ ስለ ገበያ ምን ይነግረናል?

ደሴ ላይ ለነጋዴዎችና ለተማሪዎች ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች እዚህም እዚያም ነካ አድርጌዋለሁ።

እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። ኮምቦልቻ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ዛሬ ጠዋት ከኮምቦልቻ ደሴ የሚያወጣውን የሐረጎን ዳገት በሚኒባስ ስወጣ ጆሮዬ እንደ ወትሮው ድፍን አለ። ከፊታችን ሽንኩርት የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ይወጣል። መንገዱ ጠመዝማዛ ስለሆነ ሾፌራችን ሊቀድመው አልቻለም። ስልኬን አወጣሁና ሒሳብ መሥራት ጀመርኩ። አንድ ኩንታል ሽንኩርት ከኮምቦልቻ ደሴ ለማውጣት ተፈጥሮ ስንት ታስከፍላለች?

ደሴ ከኮምቦልቻ 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች። መቶ ኪሎን በመሬት ስበት ቁጥር በ9.8፣ ከዚያ በ600 ሜትር እናባዛ። 588,000 ጁል (ጁል የጉልበት መለኪያ ነው) ይመጣል። ሲያዩት ብዙ ይመስላል። አንድ ሊትር ናፍጣ ግን ወደ 36 ሚሊዮን ጁል ይይዛል። ሞተሩ ከዚያ ውስጥ ሲሶውን ቢጠቀምበት ነው፤ የቀረው ሙቀት ሆኖ ይበናል። ስለዚህ ኩንታሏን ለማውጣት የሚያስፈልገው የአንድ ሊትር ሃያኛ ነው። የቡና ስኒ እንኳ አይሞላም።

መኪናው ራሱን ይዞ ይወጣል፣ ጎማውም ከአስፋልቱ ጋር ይታገላል ትሉኝ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ያንን ስጨምርበት ሁለት ሦስት ስኒ ሆነ። በቃ፣ የስበት ድርሻ ይኸው ነው።

እንግዲህ እዚህ ሽንኩርት የምትነግዱ አላችሁ። ኮምቦልቻ ላይ የአንድ ኩንታል ዋጋ ስንት ነው? እዚህ ደሴ፣ ሰኞ ገበያ ሲደርስስ? ልዩነቱ ከሦስት ስኒ ናፍጣ ምን ያህል ይርቃል? የቀረው ገንዘብ የት ሄደ?

ከፊሉ ሐቀኛ ወጪ ነው። ሾፌሩ ይበላል፣ ጎማ ያልቃል፣ የመኪናው ዕዳ ይከፈላል፣ ሽንኩርቱም ይበሰብሳል። ከፊሉ ግን ሌላ ነገር ነው። ገበሬው ከገዢው ጋር ፊት ለፊት እንዳይገናኝ መሐል የቆመ ደላላ አለ። ባለንብረቱ በራሱ ጉልበት ላውርድ ቢል «አይቻልም፣ ይህ የእኛ ነው» የሚሉ ጫኝና አውራጆች አሉ። ልጆቹን አልወቅስም። ላባቸውን ጠብ አድርገው የሚያድሩ ናቸው። ነገር ግን አንድ ሥራ ለአንድ ቡድን ብቻ ሲዘጋ ዋጋው ላይ ምን እንደሚያደርግ ማየት አለብን። ዛሬ የመጣሁበት ጉዳይም ይኸው ነው።

የፊዚክስ ሰው ገበያ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገው እንዳትሉኝ፣ መንገዱን የጀመርኩት እኔ አይደለሁም። ያን ቲንበርገን የሚባል ሆላንዳዊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 የኢኮኖሚክስ ኖቤል ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰጥ ከኖርዌያዊው ራግናር ፍሪሽ ጋር የተካፈለው እሱ ነው። ዶክትሬቱን ያገኘው ላይደን ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ሊቁ በፖል ኤረንፌስት ሥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 የኒውተንን የስበት ቀመር የሚመስል የንግድ ቀመር አወጣ። ኢኮኖሚያቸው የገዘፈ አገሮች በንግድ ይሳሳባሉ፤ ሲራራቁ መሳሳቡ ይላላል። ደሴ ገበያዋ ሰፊ ነው። ኮምቦልቻ የጨርቃጨርቅና የቢራ ፋብሪካ፣ ኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። በመሐላቸው 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀኑን ሙሉ ሐረጎ ላይ መኪና የማይጠፋው ለዚህ ነው።

ቢል ፊሊፕስ የሚባል የኒውዚላንድ ሰው ደግሞ አለ፤ ምህንድስና የተማረ። እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ላይ የአንድ አገር ገንዘብ እንዴት እንደሚዘዋወር በውሃ የሚያሳይ ማሽን ሠራ። ጋኖች፣ ቱቦዎች፣ መክፈቻና መዝጊያዎች። ግብሩን ከፍ ስታደርገው ውሃው በዚያ በኩል ይሄዳል፣ የገበያው ጋን ይጎድላል። እኔ ይህን ማሽን በጣም ነው የምወደው፤ ልጅ እንኳ አይቶት ይገባዋል።

አንድ ነገር ግን ከአሁኑ ላስጠንቅቅ። የጋዝ ሞለኪውል ነገ ዋጋ ይጨምራል ብላ ዘይት አትደብቅም። ሰው ይደብቃል። ስለዚህ ፊዚክሱን እንደ መነጽር እንጠቀምበት። አንዳንዱን ያጎላል፣ አንዳንዱን ያደበዝዛል።

አሁን ጦሳ ተራራ ሥር የማዕድን ውሃ ምንጭ አለ እንበልና ባለቤቱ አንድ ሰው ነው። ምሳሌው ያረጀ ነው። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሰው ኩርኖ እ.ኤ.አ. በ1838 የተጠቀመበት ነው፤ ቁጥሮቹ ግን የእኔ ናቸው። ውሃው ከመሬት ይፈልቃል፣ ወጪ የለውም። ዋጋው 100 ብር ቢሆን ማንም አይገዛም። አንድ ብር በቀነሰ ቁጥር በቀን አንድ ጀሪካን ይጨምራል። በነጻ ቢሆን 100 ጀሪካን ይሄዳል።

ባለምንጩ ስንት ይሸጣል? 60 ጀሪካን በ40 ብር ቢሸጥ 2,400 ብር ያገኛል። 40 ጀሪካን በ60 ብር ቢሸጥም 2,400 ነው። 50 ጀሪካን በ50 ብር ሲሸጥ ግን 2,500 ይሆናል። የሚበጀው እሱ ነው። ስለዚህ የቀረው 50 ጀሪካን መሬት ላይ ይፈስሳል።

እዚህ ጋ ቆም እንበል። ብዙ ሰው ሞኖፖሊ፣ ማለትም ገበያውን አንድ ሰው ብቻውን ያዘው፣ ሲባል የሚያንገበግበው ሰውየው የሚያጋብሰው 2,500 ብር ነው። ያ ብር ግን አልጠፋም። ከእናንተ ኪስ ወደ እሱ ኪስ ሄደ እንጂ አገር ውስጥ ነው ያለው። የጠፋው የፈሰሰው ውሃ ነው። 40 ብር ልክፈል ብላ ጀሪካኗን ይዛ የቆመች ሴት አለች። ባለምንጩን ምንም አያስወጣውም። ነገር ግን ለእሷ በ40 ከሰጠ ለሁሉም በ40 መስጠት ሊኖርበት ነው። ስለዚህ ባዶዋን ትመለሳለች። በእኛ ትምህርት ሊሠራ ሲችል ሳይሠራ የባከነ ጉልበት የምንለው ይህን ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከብሩ ይልቅ የሴትየዋ ባዶ ጀሪካን ነው።

አሁን ሁለተኛ ምንጭ ተገኘ። ሁለቱ ሳይመካከሩ፣ እያንዳንዱ የሌላውን ሽያጭ እያየ የሚበጀውን ቢያሰላ ዋጋው ወደ 33 ብር ይወርዳል። ሦስት ሲሆኑ 25 ብር። አራት ሲሆኑ 20። ዘጠኝ ሲሆኑ 10 ብር፤ ያን ጊዜ 90 ጀሪካን ይሸጣል፣ የሚፈሰው 10 ብቻ ነው። ልብ በሉ። ሁለተኛው ሰው ሲገባ ዋጋው በ17 ብር ወረደ። ዘጠነኛው ሲገባ ግን በአንድ ብር ገደማ ብቻ ነው የወረደው። ሁለተኛው ሰው ከዘጠነኛው እጅግ ይበልጣል! ከዜሮ ወደ አንድ ተፎካካሪ መሄድ ነው ትልቁ ነገር።

ይህን በስልካችን አይተነዋል። ቴሌ በኢትዮጵያ ከመቶ ዓመት በላይ ብቻውን ኖረ። ሳፋሪኮም በ2013 ግንቦት ፈቃድ አገኘ፤ በ2014 ማብቂያ ድሬዳዋ ላይ ሥራ ጀመረ። የሚገርመኝ ግን ከዚያ በፊት የሆነው ነው። ዘርፉ ለግል ባለሀብት ይከፈታል ከተባለ በኋላ፣ በ2010 ነሐሴ ላይ፣ ኢትዮ ቴሌኮም የድምፅ ጥሪ ታሪፉን 40 በመቶ ቀነሰ። ያኔ ሌላ ኩባንያ አገር ውስጥ አልነበረም። ቴሌብርም የተጀመረው በዚያው በ2013 ግንቦት፣ የሳፋሪኮም ፈቃድ ከመሰጠቱ ጥቂት ቀናት ቀደም ብሎ ነው። ቀኑ ስለተጠጋጋ ብቻ ምክንያቱ ያ ነው ብዬ አልምልም። ግን ማግኔትን አስቡ። ሚስማሩን ሳይነካው ነው የሚያንቀሳቅሰው። ተፎካካሪም እንዲሁ ነው። ሊገባ እንደሚችል ከታወቀ፣ ሳይገባም ይሠራል። በሩ መከፈት መቻሉ ራሱ ጉልበት አለው።

ታዲያ በሩን የሚዘጋው ምንድን ነው? ቁም ሳጥን ገፍታችሁ ታውቃላችሁ። መጀመሪያ ንቅንቅ አልል ይላል። አንዴ ከተንቀሳቀሰ ግን ቀለል ይላል። ሁለት ነገሮች ሲተሻሹ እንቅስቃሴን የሚይዘውን ኃይል ሰበቃ እንለዋለን። በፊዚክስ የቆመ ነገር ሰበቃ ከሚንቀሳቀስ ነገር ሰበቃ ይበልጣል እንላለን። ንግድም እንዲሁ ነው። ፒያሳ ላይ ሱቅ ለመክፈት የሚፈልግ ልጅ ገና አንድ ዕቃ ሳይሸጥ የቁልፍ ይጠየቃል። ንግድ ፈቃድ፣ ማስያዣ፣ ዋስ። ዕቃ አከፋፋዩም «አላውቅህም» ይለዋል። ከገባ በኋላ ያለው ፈተና ከዚያ ይቀልላል። ስለዚህ ብዙ ጎበዝ ልጅ የሚቀረው በውድድር ተሸንፎ አይደለም፤ ከመነሻው ንቅንቅ ማለት አቅቶት ነው።

ይህን ያየሁት በልጅነቴ ነው። ያደግሁት ከኮምቦልቻ ወጣ ያለ ገጠር ነው። በሰፈራችን አንድ ወፍጮ ቤት ብቻ ነበር። በናፍጣ ሞተር የሚሠራ፣ ዱፍ ዱፍ የሚለው ድምፁ ከሩቅ የሚሰማ። እናቴ እህሉን አህያ ላይ ጭና ትልከኛለች። ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ሰልፉ ረጅም ነው። ዱቄቱ አሸዋ አሸዋ ይላል፤ ድንጋዩ አልቆ አይቀየርም፣ ለስልሶ በጊዜው አይወቀርም። ባለወፍጮው ክፉ ሰው አልነበረም። የሚያስቸኩለው ነገር ግን አልነበረም።

ከዚያ ሁለተኛ ወፍጮ ተከፈተ። በሳምንቱ የመጀመሪያው ሰውዬ ድንጋዩን አስወቀረ! ጠዋት ቀድሞ መክፈት ጀመረ። ለአህዮቹ ጥላ ሠራ። ዋጋው የቀነሰው ትንሽ ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ነገር ሌላ ነበር። ግማሽ ቀን ተረፈኝ። ያንን ግማሽ ቀን ትምህርት ቤት ዋልኩበት። አንዳንዴ የአገር እድገት የሚባለው ነገር የት ነው ያለው ስባል ያ ግማሽ ቀን ትዝ ይለኛል።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። ዓመት ሳይሞላ፣ በአንድ ቅዳሜ፣ ሁለቱም ዋጋ ጨመሩ። እኩል።

እ.ኤ.አ. በ1665 ሆላንዳዊው የፊዚክስ ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ ታሞ ተኝቶ ሳለ በአንድ ጣውላ ላይ የተሰቀሉ ሁለት የፔንዱለም ሰዓቶችን ያስተውላል። ፔንዱለሞቹ አንዱ ወደ ቀኝ ሲሄድ ሌላው ወደ ግራ፣ ልክ በአንድ ምት ይወዛወዛሉ። ቢያዛባቸውም ተመልሰው ይስማማሉ። መጀመሪያ አየሩ ነው የሚያገናኛቸው ብሎ አሰበ። በኋላ ግን ጣውላው እንደሆነ ደረሰበት። እያንዳንዱ ፔንዱለም ጣውላውን ጥቂት ይነቀንቀዋል፤ ንቅናቄው ለሌላው ይደርሳል።

የእኛ ሁለት ወፍጮዎች ጣውላ ምን ነበር? ሁለቱ ባለወፍጮዎች በአንድ ቡና ቤት ነበር የሚጠጡት። ደግሞም ናፍጣ የሚያመጣላቸው አንድ ሰው ነው። የመጀመሪያው ከሆነ ተመካክረዋል። ሁለተኛው ከሆነ ናፍጣው ተወደደባቸው እንጂ አልተመካከሩም። ከውጭ ስታዩት ሁለቱም አንድ ይመስላሉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪዎች ተስማምተው ዋጋ መወሰንን ይከለክላል። ዋጋ እኩል መሆኑን ብቻ ግን አይከለክልም፣ መከልከልም የለበትም። እና «ሁሉም ሱቅ አንድ ዋጋ ነው የሚጠራው፣ ተመሳጥረው ነው» ብለን ከመጮሃችን በፊት ሁይገንስ እንዳደረገው ጣውላውን እንፈልግ። የናፍጣው ዋጋ በዚያው ሳምንት ጨምሯል? ናፍጣው ሲረክስስ ዋጋው ይወርዳል? ሲወጣ አብሮ ወጥቶ ሲወርድ አብሮ የማይወርድ ከሆነ፣ ያኔ ቡና ቤቱን መጠርጠር ተገቢ ነው።

ወደ እድገት ልምጣ። በዚህ ላይ ከእንፋሎት ሞተር ታሪክ የሚሻል አላውቅም፤ ፊዚክሱም ሞኖፖሊውም በአንድ ቦታ ነው ያሉት። ጄምስ ዋት እ.ኤ.አ. በ1769 እንፋሎቱን ለብቻው በተለየ ዕቃ የሚያቀዘቅዝ ሞተር ፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ መብት፣ አወጣ። ድንቅ ሥራ ነው፣ ብዙ ከሰል አዳነ። በ1775 የብሪታንያ ፓርላማ መብቱን እስከ 1800 አራዘመለት። ማቲው ቦልተን የሚባል ባለሀብት ገንዘቡን ይዞ አብሮት ገባ። መብቱ ባይኖር ቦልተን ያንን ገንዘብ ያወጣ ነበር? የሚያጠራጥር ነው። ስለዚህ ሽልማቱን አልቃወምም። ለፍቶ የፈለሰፈ ሰው እንዲበላበት መፍቀድ ተገቢ ነው።

ችግሩ የመጣው በሩ ሲቆለፍ ነው። ጆናታን ሆርንብሎወር እንፋሎቱን በሁለት ሲሊንደር ደጋግሞ የሚጠቀም ሞተር ሠራ። የዋት ፓተንት መንገድ ዘጋበት። ዋት ራሱም የእጁን አገኘ። የወፍጮ ድንጋይ የሚያሽከረክር ሞተር ሲፈልግ ወደላይና ወደታች የሚለውን እንቅስቃሴ ወደ መሽከርከር የሚቀይረውን ቀላሉን ክንድ፣ ክራንክን፣ ሌላ ሰው ፓተንት አድርጎበት ነበር። ስለዚህ አንዱ ባለጥርስ ጎማ በሌላው ዙሪያ የሚዞርበትን ማሽከርከሪያ ለመጠቀም ተገደደ። ከፍተኛ ግፊት ያለውን እንፋሎት ደግሞ ዋት አጥብቆ ይቃወም ነበር። 1800 ሲደርስና መብቱ ሲያበቃ ግን ሪቻርድ ትሬቪቲክ በከፍተኛ ግፊት መጣ፤ አርተር ዉልፍ የሁለት ሲሊንደሩን ሐሳብ አነሣው። እንግሊዝ አገር ኮርንዎል የሚባለው አካባቢ ያሉ የማዕድን መሐንዲሶች ከ1811 ጀምሮ የየሞተራቸውን ውጤት በየወሩ አሳትመው እርስ በርስ ይተያዩ ጀመር። በሠላሳ ዓመት ገደማ ውስጥ በአንድ ቁና ከሰል የሚወጣው ውሃ በአማካይ ሦስት እጥፍ ያህል ሆነ። ማንም ለብቻው ይህን አላደረገውም።

በ1824 ደግሞ ሳዲ ካርኖ የሚባል ወጣት ፈረንሳዊ እንዲህ ያለውን ሞተር አይቶ ትልቁን ነገር ተናገረ። ሙቀት ሥራ የሚሠራው ልዩነት ሲኖር ብቻ ነው። ከሞቀው ወደ ቀዘቀዘው ሲወርድ። ሁሉም እኩል ከሞቀ፣ የቱንም ያህል ሙቀት ቢኖር፣ አንዲት ጎማ አይዞርም። ቦርከናም ከደሴ በኩል ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደው ቁልቁለት ስላለ ነው።

ስለዚህ ትርፍን አልጠላም፣ እናንተም አትጥሉት። ትርፍ ማለት ያ የሙቀት ልዩነት ነው። አንዱ የተሻለ ነገር ይዞ ሲመጣ ያተርፋል። ትርፉን ያየ ሌላው ይመጣል። ልዩነቱ ይጠባል። ያኔ የፊተኛው አዲስ ነገር መፈለግ ግድ ይሆንበታል። ጎማው በዚህ ነው የሚዞረው። ሞኖፖሊ ልዩነቱን እንዳለ ይዞ መሐሉ ላይ ግድግዳ ያቆማል። ሙቀቱ እዚያ ጋ አለ፣ ቅዝቃዜውም እዚህ ጋ አለ፣ የሚዞር ነገር ግን የለም።

ሁሉም ሞኖፖሊ ይፍረስ ማለቴ ግን አይደለም። ቧንቧን ተመልከቱ። የብረቱን ውፍረት ሳትነኩ የቧንቧውን ወርድ እጥፍ ብታደርጉት የሚፈጀው ብረት እጥፍ ነው፤ ውሃ የሚያልፍበት ስፋት ግን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ አንድ ትልቅ ቧንቧ ከብዙ ትንንሾች ይረክሳል። እዚህ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ የሚባለው ሰፈር፣ ሁለት ኩባንያ ሁለት መስመር ይቅበር ብንል መንገዱን ሁለቴ ቆፍረን በሁለት ዋጋ ልንጠጣ ነው። የመብራት ምሰሶም እንዲሁ። እዚህ ጋ አንድ መሆኑ ተፈጥሯዊ ነው። የሚያስፈልገው የተቆጣጣሪ ዓይን ነው፦ ታሪፉ የታወቀ፣ ቆጣሪው ትክክለኛ፣ አቤት ሲባል የሚሰማ። ምሰሶው አንድ ስለሆነ ግን አምፖል ሻጩም አንድ ይሁን አይባልም።

ለሰበቃም እንዲሁ ጠላት አይደለሁም። ሰበቃ ባይኖር ያ አይሱዙ ሐረጎ ላይ ተንሸራቶ ገደል ነበር። የምግብ ዘይት ጥራት ምርመራ ሰበቃ ነው፤ ይኑር። ባንክ ለመክፈት የሚጠየቅ ካፒታልም ሰበቃ ነው፣ የሰው አደራ ስለሚያዝ ይኑር። መለየት ያለብን ፍሬን የሆነውን ሰበቃ ጎማ ከሚያስርብን ሰበቃ ነው።

ንግግሬን እንደጨረስኩ አንዲት እናት ከኋላ ተነሡ። ቲማቲም ይነግዳሉ። «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ሰማሁ። ነገ ገበያ ስወጣ ምን ላድርገው?» አሉኝ።

«እናቴ፣ ነገ ጠዋት ኮምቦልቻ ያለ ዘመድዎ ጋ ይደውሉ» አልኳቸው። «የሣጥኑን ዋጋ ይጠይቁ። ከደሴው ላይ ይቀንሱት። ከዚያ የመኪናውን፣ የሚበሰብሰውን፣ የድካሙን ይቀንሱ። የቀረውን በወረቀት ይጻፉት። ለአንድ ወር እንዲሁ ያድርጉ። ከእርስዎ ጋር የሚነግዱ አምስት ሴቶችም ይጻፉ። የቀረው ብር ሁልጊዜ የሚቆመው አንድ ቦታ ላይ ከሆነ፣ ያኔ አምስት ሆናችሁ አንድ መኪና መከራየት ታስቡ ይሆናል።»

«ስድስት ነን» አሉኝ። «እህቴም አለች።»

አንድ ተማሪ ደግሞ የሁለቱን ወፍጮዎች መጨረሻ ጠየቀኝ። መብራት ገባ። የናፍጣ ሞተር መግዛትና ማደስ የማይችል ሰው አነስተኛ የመብራት ወፍጮ መግዛት ቻለ። ሦስተኛውን የተከለው አንድ የመንደራችን አስተማሪ ነው። አሁን አምስት ደርሰዋል። ሰልፍ የለም። እናቴ ግን ዛሬም የምታስፈጨው ከመጀመሪያው ሰውዬ ዘንድ ነው፤ አሁን ልጁ ነው የሚሠራው። ሌላው ጋ ይረክሳል እኮ ስላት፣ «ይህ ልጅ ድንጋዩን በየሳምንቱ ይወቅራል» ትለኛለች።